የልጄ ስም አልቆም ያለ ሰሞን

ስሜን አልነግራችሁም። ክፉ ሰዎች ናችሁ ብዬ አይደለም፤ ደህና ሰዎች ትመስላላችሁ። ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው ደህና የሚመስል ሰው ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ያለ ሰው መቼም አንዴ ጉሮሮውን ወግቶት ነው። እኔ ስንጥሩን ከመጉረሴ በፊት ከሩቅ ነው የማየው። ልጄ እንደምትለው ከሆነማ ገንፎው ሳይኖርም አየዋለሁ።

የልጄን ስም ግን ልንገራችሁ፤ ያመጣው መዘዝ አልፏልና። ትርንጎ ትባላለች። እሷ ከአክስቷ ጋር በእግሯ ሱዳን ገብታ፣ በዚያ በኩል ከእኔ ብዙ ቀድማ እስራኤል መጣች፤ እኔ ኋላ በአውሮፕላን መጣሁ። በልጅነቷ የሸኘኋት ልጅ ቂርያት ጋት ላይ ስትቀበለኝ ወታደር ቤት ጨርሳ፣ የማሕሼቭ ባለሙያ ሆና ነው። ማሕሼቭ ኮምፒውተሩ ነው። እኔ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ሰው ነኝ፤ ፊደል ለይቼ፣ ስሜን ጽፌ፣ ተጨብጭቦልኝ የወጣሁ። እስካሁንም ያ ጭብጨባ ለምን እንደነበር አላወቅሁም።

ትርንጎ ሥራ ያገኘችው በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካለች ትንሽ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች የእርሻ ውኃ ፓምፕ በራሱ ጊዜ እንዲከፈትና እንዲዘጋ የሚያዝዘውን ትእዛዝ ይጽፋሉ። የእሷ ሥራ ሌላ ነው።

«እኔ፣ እነሱ የጻፉትን የሚጠብቀውን ፕሮግራም ነው የምንከባከበው» አለችኝ አንድ ቀን፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ።

«ይሰረቃል እንዴ?»

«አይሰረቅም እማዬ። አንድ ሰው የተጻፈውን ሲለውጠው ፕሮግራሙ የድሮውን አይጥለውም፤ ያስቀምጠዋል። አዲሱ ከተበላሸ ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል።»

«ይሄ ደግ ነው። በዚህ ባበቃ።»

«ደግሞ ማን እንደለወጠው፣ መቼ እንደለወጠው፣ ለምን እንደለወጠው ይይዛል።»

ቢላዋውን አስቀመጥሁ።

«ስሙን ይይዛል?»

«ስሙን።»

«ያጠፋውንም?»

«ያጠፋውንም፣ የጨመረውንም።»

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ። መስኮቱንም ዘጋሁ። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ በቂርያት ጋት ሐምሌ መስኮት መዝጋት ከወጥ ድስት ውስጥ ገብቶ ክዳኑን በራስ ላይ መድፋት ነው። ቢሆንም ዘጋሁ።

«ልጄ» አልኋት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እኛ አገር ይሄን ሥራ የሚሠራው የቀበሌው ሰው ነበር። እሱስ ጠላ ሲጠጣ ይረሳ ነበር። አንቺ የምትነግሪኝ የማይጠጣ ቀበሌ ነው!»

«እማዬ፣ ይሄ ፕሮግራም ነው። ማንንም አያስርም።»

«እሱ አያስርም። የሚያስረው ጠዋት መጥቶ የሚያነበው ነው። ለመሆኑ አለቃሽ ማነው?»

«ግሪሻ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በቅርብ ከሩሲያ የመጣ ነው።»

ከሩሲያ! እንግዲህ አስቡት። ስም የሚይዝ፣ የማይረሳ፣ የማይጠጣ ነገር፤ ጠባቂው ደግሞ ከሩሲያ የመጣ ሰው። ለእኛዎቹ የቀበሌ ሰዎች የስም አያያዙን ሙያ ማን አስተማራቸውና? መስኮቱ በደንብ መዘጋቱን እንደገና ሄጄ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ ይታየኝ ጀመር። ስልክ ሲደወል አነሣለሁ፤ «ሻሎም፣ ትርንጎ አለች?» ይላል የሩሲያ ዕብራይስጥ። «የለችም» ስለው «አመሰግናለሁ» ብሎ ይዘጋል። ለምን አመሰገነ? የለችም የተባለ ሰው ምን አግኝቶ ያመሰግናል? አንድ ቀን ደግሞ ይኸው ግሪሻ በልጄ እጅ ከረሜላ ላከልኝ። እኔን የት ያውቀኛል? ከረሜላውን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁና ሁለት ቀን ሙሉ በመስኮት ሳያቸው ሰነበትሁ። ምንም አልሆኑም። እሱም ቢሆን ያጠራጥራል።

አንድ እሁድ፣ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፣ ትርንጎ ከሥራ መጥታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተዘረረች። ምግብ አቀረብሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«የሮንን ሥራ አጠፋሽ ተባልሁ» አለች። ሮን ማለት ከፓምፕ ጸሐፊዎቹ አንዱ ነው። «የፓምፑን መክፈቻ የጻፈበት ቦታ የለም። ማን አጠፋው ተብሎ ፕሮግራሙ ሲጠየቅ የእኔን ስም አወጣ።»

«አጥፍተሻል?»

«አልነካሁትም!»

«ታዲያ እሱ ለምን አንቺን አለ?»

«እሱ ነው ያልገባኝ። መናሄሉ ደግሞ ገና በሙከራ ላይ ነሽ፣ እስከ ሐሙስ እንዴት እንደሆነ ካላስረዳሽኝ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ ብሎኛል።»

መናሄሉ የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ነው። ሐሙስ ካለፈ ልጄ ቀድሞ ወደ ሠራችበት የሽንኩርት ማሸጊያ አዳራሽ ልትመለስ ነው፤ እሱስ ሥራ ነው፣ ነውር የለውም። «አጥፊ» የሚለው ስም ግን አብሯት ይሄዳል። በዚያ መሥሪያ ቤት ከእኛ ሰው የገባች እሷ ብቻ ናት፤ ከእሷ ኋላ የሚመጡትንም በር ላይ ይጠብቃቸዋል።

እኔማ ወዲያው ገባኝ። ሳይነኩ ስም ሲወጣ ስም ያስገባ ሰው አለ ማለት ነው። ግሪሻ ነዋ!

ላማክር ከእኛ በላይ ወዳሉት ወደ እቴ ስንዱ ወጣሁ። እቴ ስንዱ የጎንደር ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ በጥርጣሬም ሳይበልጡኝ አይቀሩም። ነገሩን ሁሉ ሰሙና «ሰባት ቤት ቆጥረሽዋል?» አሉኝ።

«ማንን፣ ሩሲያውን?»

«ልጅሽን ሊያገባ ነው?»

«ኧረ እቴ ስንዱ፣ ይተዉኝ! በዕድሜ አባቷ ነው!»

«ታዲያ ለጋብቻ ብቻ ነው የሚቆጠር? ዘሩን መቁጠር የማይችል ሰው ወይ ደብቋል፣ ወይ ተደብቋል። ሄደሽ ጠይቂው።»

ምናልባት ከእናንተ ይህን የማያውቅ ካለ፦ እኛ ዘንድ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ በእናትም በአባትም ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባት። ልጅ አፉን ሲፈታ ነው የሚማረው። መንገደኛ ቢመጣም እንደዚሁ ይጠየቃል። ሲቆጥር አንዱ ቤት ላይ ከተንተባተበ ማደሪያው በረት ይሆናል።

ሐሙስ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ቋጥሬ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ዳቦው ሽፋን ነው። እናት ለልጇ ምሳ አመጣች ይባላል፤ ማን ይጠረጥራል?

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጠረጠረ።

«በጨርቁ ውስጥ ምን አለ?»

«ዳቦ።»

ፈታው። ዙሪያውን አየው። በጣቱ አንኳኳው። እኔ እሱን እጠረጥራለሁ፣ እሱ ዳቦውን ይጠረጥራል፤ እንዲህ ተያይተን ቆምን። በመጨረሻ ቆርሼ «ብላ» አልሁት። በላ። ሁለተኛ ቁራሽም ጠየቀኝ። የመጀመሪያው ለጥበቃ ሥራው ነው እንበል፤ ሁለተኛው ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ትርንጎ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። «እማዬ! ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ። ምሳ ነው።»

«ገና ጠዋት ነው!»

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሦስት ማሕሼቭ፣ አንድ ማራገቢያ። በሐምሌ ካልሲ በሰንደል ጫማ ያደረገ፣ የብረት ጥርስ ያለው ጎልማሳ ብድግ አለና ወንበሩን ለቀቀልኝ። ግሪሻ! ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ወንበር ይለቃል። ሻይ ቀዳልኝ። የራሱን ቀድሞ እስኪጠጣ ጠበቅሁና፣ ሲውጥ ጉሮሮውን አይቼ ፉት አልሁ።

«ትርንጎ፣ የማን ልጅ ነህ በይው።»

«ኢማ፣ ዳይ!» አለችኝ በዕብራይስጥ። እማዬ ይብቃሽ ማለቷ ነው፤ ስታፍርብኝ አማርኛው ይጠፋታል።

«በይው እንጂ!»

አለችው። ሰውዬው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደስ አለው። «የሌቭ ልጅ ነኝ» አለ።

«ሌቭስ የማን?»

«የሞይሼ።»

«ሞይሼስ?»

ግሪሻ ትከሻውን ሰበቀ። «ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ጦርነቱ ሲመጣ የሚያውቁት ሁሉ አለቁ» አለ። ልጄ ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ቀነሰ።

ሁለት ቤት! እኔ በሆዴ እቆጥራለሁ፤ አምስት ቤት ይጎድላል። ማዘኑንስ አዝኛለሁ። ግን አምስት ቤት ብዙ ነው፤ ስንት ነገር ይደበቅበታል።

«እሜቴስ?» አለኝ ግሪሻ። «የእርስዎ አባቶች እነማን ናቸው?»

አያችሁ፣ ስሜን ለእናንተ እንኳ የማልነግር ሴት ነኝ። ግን ዘር ቁጠሪ የተባለ ሰው እንዴት ዝም ይላል? ምላሴ ቀደመኝ። ከስሜ ጀምሬ፣ «የአያልነህ ልጅ፣ አያልነህ የተበጀ፣ ተበጀ የቸኮል፣ ቸኮል የመኮንን፣ መኮንን የደስታ፣ ደስታ የይርዳው፣ ይርዳው የአለሙ» ብዬ አወረድሁት። ሰውዬው ጣቶቹን ማሕሼቩ ላይ አድርጎ፣ እየሳቀ፣ «ቀስ! ቀስ!» እያለ ሁሉንም ይጽፋል። ለካ ለጨዋታ ብሎ፣ «ሥራውን የሠራው ማነው» የሚለው ቦታ ላይ እኔን ሊያስገባኝ ነው! ልከለክለው ስነሣ ቁልፏን ተጫናት።

ትርንጎ ወደ ማሕሼቩ መስታወት ጠጋ ብላ ማንበብ ጀመረች። ስሜን አነበበች። አያልነህን አነበበች። ተበጀን አነበበች። ከዚያ ቆም አለች።

«ምነው?» አልኋት።

«ቸኮል ፓምፑን ዝጋ ይላል።»

«ምን?»

«ተበጀ፣ ቸኮል፣ ፓምፑን ዝጋ፣ ሁለተኛውን ቧንቧ ክፈት...»

ሻዩ ፈሰሰ። «ቅድመ አያቴ ቸኮል ፓምፕ አያውቁም!» ብዬ ጮኽሁ። «ወንዝ ዳር ተወልደው ወንዝ ዳር ነው የሞቱ! ማነው የሰው ዘር ውስጥ ቧንቧ የከተተ? መኮንንስ የት ሄዱ?»

ልጄ ግን አልሰማችኝም። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ትስቃለች። «ግሪሻ! ዜሮዋ! ዜሮዋ የለችም!» ትላለች፤ ግሪሻም ጎንበስ ብሎ አየና ግንባሩን በእጁ መታ።

እንደ ገባኝ ልንገራችሁ። እኔ የገባኝ ለማንም ይገባል። በማሕሼቩ ውስጥ ፊደሎች በየክፍላቸው ተደርድረው ነው የሚቀመጡ። ማሕሼቩ ግን ቂል ነው፤ ስም የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ስለዚህ ከመጨረሻው ፊደል ቀጥሎ አንዲት ዜሮ ትቀመጣለች፤ «እዚህ ላይ ቁም» ማለት ናት። ለስም የተሰጠው ቦታ የተወሰነ ነው። ስሙ ረዝሞ ቦታውን ሁሉ ከሞላው የተረፈው ይቆረጣል፤ ለዜሮዋም መቀመጫ አይኖርም። ያን ጊዜ ማሕሼቩ አይቆምም። ቀጥሎ ያለውን የሌላ ሰው ነገር የስሙ ቅጥያ አድርጎ ያነበዋል።

«አንቺ በመጀመሪያው ወር ያደረግሽውን ነው ያደረገው» አለችኝ ትርንጎ።

እውነቷን ነው፣ ምን ልበል? የቂርያት ጋት ሕንፃዎች የአንድ ዶሮ እንቁላል ናቸው። አንድ ቀን ዕቃ ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ በራችን ላይ ምልክት የለ፣ ፎቁን አልቆጠርሁ፣ አልፌ ሄጄ ያልተቆለፈ በር ከፍቼ ገባሁ። ቲማቲሜን ማቀዝቀዣው ውስጥ ደረደርሁ፤ የማላውቀው ዓሣ ባገኝ ልጄ የገዛችው መስሎኝ ወዲያ ገፋ አደረግሁት። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ሶፋው ላይ ጋደም አልሁ። አንድ ራቁቱን በፎጣ የተጠቀለለ ሰው ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ «አንቺ ማነሽ?» ሲለኝ «አንተስ በቤቴ ምን ትሠራለህ?» ብዬ ጮኽሁበት። ሌባ ያልሁት እኔ ነኝ። እስካሁን ደረጃው ላይ ስንገናኝ ፎጣውን የሚይዝ ይመስል ቀበቶውን ያጠብቃል።

እናም የልጄ መከራ ይኸው ነበር። እዚህ አገር ስም እንደ ሳል ነው፤ አንዴ እህ ብለው ይጨርሱታል። ዳን፣ ሮን፣ ጊል። እነሱ ይህን ፕሮግራም ሲጽፉ ቦታው ተርፏቸዋል። የእኔዋ ግን ትርንጎ ናት፤ አባቷ ነፍሱን ይማረውና ወንድምአገኘሁ ነው፤ አያቷም አሉ። ሲጻፍ ልክ ቦታውን ሞልቶ፣ ዜሮዋ መቀመጫ አጥታ ቀረች። ከእሷ ስም ቀጥሎ የተቀመጠው ደግሞ የሮን ሥራ ነበር። የፓምፑን መክፈቻ አሮጌ ነው ብሎ ያጠፋው ራሱ ሮን ኖሯል፤ ረስቶታል። ማሕሼቩ ከልጄ ስም ሳይቆም አልፎ የሮንን ማጥፋት በእሷ ላይ አነበበ።

ትርንጎ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ማስተካከል ጀመረች። ስም የቱንም ያህል ቢረዝም የመጨረሻዋ ቦታ ለዜሮዋ ትጠበቅ፣ ማንም አይቀመጥባት። ግሪሻ ከኋላዋ ቆሞ ያያል።

እኔ ግን የመጣሁበትን አልረሳሁም። «ይህን መጀመሪያ ያበላሸው ማነው?» አልሁ።

«እሱንም ፕሮግራሙ ያውቀዋል» አለች ልጄ፣ ቀና ሳትል። አንድ ነገር ነካካች። መስታወቱ ላይ ስም ወጣ። እሷም አነበበችና እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች።

የላቲን ፊደል አላውቅም። ማንበብ ግን አላስፈለገኝም፤ ሰውዬውን አየሁት። ግሪሻ ቀስ ብሎ እጁን አነሣና የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ። በዚያ ሙቀት! እኛ ሰፈር ሊወስዱት የመጡበት ሰው፣ ስሙ በደጅ ሲጠራ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱኑ ነበር። ቁልፉን ይቆልፋል፤ ከዚያ ይወጣል።

ይኸው ያዝሁት አይደል? እልል ማለት ነበረብኝ። እልልታው ግን አልመጣም።

በዚያው ቅጽበት በኮሪደሩ የቁልፍ መንሿሿትና የመናሄሉ ድምፅ ተሰማ። «ትርንጎ! ሐሙስ ነው!» ይላል።

ምን እንዳሰብሁ አትጠይቁኝ። ጎንበስ አልሁና ከግድግዳው ላይ የተሰካውን ነገር ሁሉ በአንድ እጄ ይዤ ነቀልሁት።

ሦስቱም ማሕሼቮች ጨለሙ። ማራገቢያውም እያቃሰተ ቆመ።

«እማዬ!» ልጄ ጮኸች። «የሠራሁት! አላስገባሁትም ነበር!»

«ዝም በይ! ስሙ የለም፤ አሁን ማንም አያይም» አልኋትና ገመዱን በነጠላዬ ሸፈንሁት።

መናሄሉ ገባ። ትልቅ ሰው ነው። የጨለሙትን መስታወቶች አየ፣ ልጄን አየ፣ እኔን አየ፣ ከነጠላዬ ሥር የተንጠለጠለውን ሶኬት አየ።

«እህ?» አላት ትርንጎን።

«አላጠፋሁም» አለች፣ ቆማ። «ስሜ ረዥም ነው። ፕሮግራሙ መጨረሻውን አይዘጋውም። ከእኔ አልፎ የሮንን አነበበ። ስህተቱ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው።»

«ማነው እንደዚያ አድርጎ የጻፈው?»

ልጄ ወደ ግሪሻ ዞራ አላየችም። መሬት መሬት አየች። አንድ ቃል ብትናገር ነፃ ናት፤ ቀኑ ደግሞ ሐሙስ ነው። እኔ ነጠላውን ጨብጬ «ተናገሪ» እና «አትናገሪ» የሚሉ ሁለት ጸሎቶች በአንድ ትንፋሽ እጸልያለሁ።

«አኒ» አለ ግሪሻ።

እኔ ነኝ ማለት ነው። ይህቺን ዕብራይስጥ አውቃታለሁ። «እኔ ነኝ የጻፍሁት። እሷ ከመምጣቷ በፊት» አለ።

«ምነው ዝም ብትል!» አልሁት በአማርኛ። «ነቅዬልህ!»

አልሰማኝም፤ ቢሰማኝስ አማርኛ የት ያውቃል። ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ቆሟል። እኔ ከውጭ የጫማ ኮቴ አዳምጣለሁ። የሚመጣ የለም።

መናሄሉ ግንባሩን ጠረገ። «ታዲያ አስተካክሉታ!» አለ። «ሁለታችሁም። ስም በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ፈልጉት። ትርንጎ፣ አንቺ ሥራሽ ላይ ነሽ።» ይህን ብሎ ሊወጣ ከበሩ ተመለሰና ድምፁን ከፍ አደረገ፦ «በዚህ ሙቀት ማራገቢያውን ማነው ያጠፋው?»

እሱ የተቆጣው ለማራገቢያው ነው።

ልጄ ሶኬቱን ከእጄ ነጥቃ መልሳ ሰካችው። ቀድሞ የገባው ሁሉ በቦታው ነበር፤ የጠፋው እሷ ያን ጠዋት የሠራችው ብቻ። «ከሁሉ ሰው በእውነት ያጠፋሽው አንቺ ነሽ» አለችኝና ሁለቱ እስከ ማታ እንደ አዲስ ሠሩት። እኔ ዳቦውን ቆርሼ ሰጠኋቸው። ለግሪሻ ትልቁን ሰጠሁት፤ ጉድለቱ አምስት ቤት ነውና።

«ሥራሽ ላይ ነሽ» የሚለውን ቃል ግን አላመንሁትም። ትርንጎ ቤት ገብታ እየዘመረች ሳህን ስታጥብ እኔ አልዘመርሁም። ቃል አይደለም እንዴ? ስንቱ «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ተብሎ በቃል የሄደ!

እሁድ ድፎ ቋጥሬ ተመልሼ ሄድሁ። ጥበቃው በዚህ ጊዜ አልፈተሸኝም፤ ድርሻውን ብቻ ተቀበለ። ወደ ክፍሉ ብገባ፣ ከሶኬቱ በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። በዕብራይስጥ ተጽፎበታል፣ በሩሲያኛ ተጽፎበታል፣ ከሥሩ ደግሞ በልጄ እጅ በአማርኛ። ፊደል ፊደል እየለቀምሁ አነበብሁት፦ «እማዬ፣ ይህን አትንኪ።»

ልቆጣ ስል መናሄሉ በበሩ አለፈ። ወረቀቱን አየና ቆመ። አንዱ ጠርዙ ተላቆ ነበር፤ በአውራ ጣቱ ደህና አድርጎ ተጭኖ ለጥፎት ሄደ።

አሰብሁት። ነገ የሚያባርራት ልጅ ለእናቷ የጻፈችውን፣ በገዛ ግድግዳው ላይ፣ እንዳይወድቅ ብሎ የሚለጥፍ ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው ትርንጎ ሥራ እንዳላት ያመንሁት።

ሩሲያኛውን ግን እስካሁን አላመንሁትም። ከአማርኛው ይረዝማል።